ቅዳሜ ስለ ካቫና ፌሎሺፕ

ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ የምንገናኘው ለካቫና ፌሎሺፕ (ለገጣሚዎች የሚሰጥ የገንዘብ ድጋፍ ነው) የምናስገባውን ማመልከቻ አብረን ለማየት ነው። ገንዘቡ ለጀማሪ አይደለም፤ መካከለኛ ዕድሜ ላይ ለደረሱና ድጋፍ ለሚያስፈልጋቸው የአየርላንድ ገጣሚዎች ነው። አየርላንዳዊው ገጣሚ ፓትሪክ ካቫና በ1967 እ.ኤ.አ. ካረፈ በኋላ፣ ከሥራዎቹ የሚገኘው ገቢ ለዚህ እንዲውል የተናዘዘችው ባለቤቱ ካትሪን ናት። እሱ ራሱ ኪሱ ሞልቶ አያውቅም ነበር።

ከጠዋቱ 4 ሰዓት (በፈረንጅ 10)፣ ደብሊን፣ ግራንድ ካናል ዳር። ካቫና እጁን አጣጥፎ የተቀመጠበት የነሐስ ሐውልት ያለበት አግዳሚ ወንበር ጋ እንገናኝ። ከዘነበ (መዝነቡ አይቀርም) ቅርብ ያለ ካፌ እንገባለን።

ያሳተማችሁትን መጽሐፍና አምስት አዳዲስ ግጥሞች ያዙ። የአየርላንድ ዜግነት ያወጣችሁ በተለይ አትቅሩ።

የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ። ላይክ ብቻ አይበቃም።