የአልጋ ቁስል በዓይን ብቻ አይታወቅም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ለነርሲንግ ተማሪዎች የአልጋ ቁስል የመጀመሪያ ምልክት የቆዳ መቅላት ነው ይባላል። በጠቆረ ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ብዙ ጊዜ አይታይም። ስለዚህ መዳሰስን እናስተምር፦ ተረከዙ፣ ዳሌው፣ ከወገብ በታች ያለው አጥንት ከአካባቢው ይልቅ ሞቋል? ጠጥሯል? ሲነካ ያማል? በድሬዳዋ ሙቀት ደግሞ ላብ ይበዛል፤ የራሰ ቆዳ ቶሎ ስለሚላጥ እርጥብ አንሶላ ወዲያው ይቀየር።

በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥን ሁሉም ያውቀዋል። ታማሚው በጎኑ ሲተኛ ግን 30 ዲግሪ ያህል ብቻ ያዘንብል፤ 90 ከሆነ ክብደቱ ዳሌው ላይ ያርፋል። እባካችሁ፣ ውሃ የተሞላ ጓንት ተረከዝ ስር ማድረግም ይቅር፤ ትራሱ ከባቱ ስር ሆኖ ተረከዙ ፍራሹን አይንካ።

የነርሲንግ መምህራን፣ ከድሬዳዋ