ይድረስ ለላይኛዋ አልጋ

ሐዋሳ፣ ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ካንቺ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ዶርም እያለን እናትሽ የሚልኩልሽ ደብዳቤ ሁሉ በዚህ ነበር የሚጀምረው። አንቺ ከላይኛው አልጋ ሆነሽ ጮክ ብለሽ ታነቢዋለሽ፣ እኔ ከታች ተጋድሜ እሰማለሁ። ያኔ ለወጉ ያህል የሚጻፍ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ራሴ ስጽፈው ግን ሌላ ቃል አጣሁ። ካንቺ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ።

ጥቅምት ላይ በቴሌግራም የላክሽልኝን ድምፅ አልሰረዝኩትም። አሜሪካ አሪዞና መግባትሽን፣ ሻንጣሽን ገና እንዳልፈታሽ፣ የ13 ሳምንት የነርስነት ኮንትራትሽ ሲያልቅ ወዴት እንደምትሄጂ እንዳላወቅሽ ትነግሪኛለሽ። መጨረሻ ላይ "አንቺስ የት ነሽ?" ትያለሽ። ያን ጊዜ ኔትወርክ አንድ ጉብታ ላይ ብቻ የሚገኝበት ቀበሌ ውስጥ ነበርኩ። ጉብታው ላይ ቆሜ ሰማሁሽ። ማታ ተረጋግቼ እመልስላታለሁ አልኩ። ማታው አለፈ። ሳምንት ሆነ፣ ወር ሆነ። ከዚያ በኋላ እፍረቱ ያዘኝ። አጭር መልስ ልላክ ስል ንቀት መሰለኝ፣ ረጅሙን ልጻፍ ስል ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ። ይቅር በይኝ።

ከመነሻው ልንገርሽ። ከሆስፒታል የወጣሁት ተጣልቼ አይደለም። ብዙ ሰው እንደዚያ ይመስለዋል። አራት ዓመት ሕፃናት ክፍል ሠርቻለሁ፣ ሥራውንም እወደዋለሁ። አንድ ሌሊት ናይት ገብቼ ሳለ አንዲት እናት ልጇን አዝላ መጣች። ልጁ ሊያልፍ ምንም አልቀረውም ነበር። ኦክስጅን አደረግንለት። ካኑላ፣ የመድኃኒቱን ቱቦ፣ ለማስገባት ደም ሥሩን እየፈለግን ሳለ ልጁ አለፈ። እናቲቱ አላለቀሰችም። "ከቤቴ እስከ መኪናው መንገድ ስድስት ሰዓት በእግሬ ነው" አለችኝ፣ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው። እሷ! ያ ስድስት ሰዓት ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። የዚያ መንገድ ወዲያኛው ጫፍ ሄጄ መሥራት ፈለግሁ። ነሐሴ ላይ መልቀቂያ አስገባሁ።

እናንተ ጋ እንዲህ በኮንትራት እየተዘዋወሩ ነርስ መሆን ስም አለው፣ ኤጀንሲ አለው፣ የቤት አበል አለው። እኛ ጋ "ኮንትራት ናት" ይሉሻል፣ በቃ። ሁለት ወር፣ ሦስት ወር፣ ፕሮጀክቱ ብር እስካለው ድረስ። አንዱ ቀጣሪ ደሞዛችንን ሦስት ወር አዘገየብን። የሥጋ እህቴ ቤት እየበላሁ ነው ያሳለፍኩት። አሁን ተከፍሎኛል፣ ያኔ ግን አንጀቴ አሮ ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩት አርባ ምንጭ ዙሪያ ቆላው ላይ ነው፣ ለወባ። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ወባው እንዴት እንደሚበረታ ታውቂዋለሽ። ጠዋት ሰልፉ ከዛፉ ሥር ይጀምራል፣ ጣት ስወጋ እውላለሁ። ምርመራው ቀላል ነው፣ መድኃኒቱም አለ። የከበደኝ ማስረዳቱ ነው። የወባው መድኃኒት ኮአርተም ስድስት ጊዜ ነው የሚዋጠው፣ በሦስት ቀን። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ስምንት ሰዓት ቆይቶ ነው። ሰዓት የሌለው ቤት ስምንት ሰዓት በምን ይለካል? አብራኝ የምትሠራው የጤና ኤክስቴንሽን ልጅ አስተማረችኝ። እጇን ወደ ሰማይ ትዘረጋና "አሁን ፀሐይ እዚህ ናት፣ እዚያ ስትደርስ ስጪው፣ ወተት ካለሽ ከወተት ጋር" ትላለች። ከዚያ እናቲቱ ራሷ በእጇ እንድታሳያት ታደርጋለች። እኔ ዲግሪ ይዤ ይህ አልታየኝም ነበር።

ኮንትራቱ ሲያልቅ ወደ ቤት አልሮጥኩም። ዶርዜ ወጣሁ። ቆላው ላይ ሦስት ወር ላብ በላብ ሆኜ ከርሜ፣ እዚያ ማታ ማታ በጋቢ ተጠቅልዬ እሳት ሞቅኩ። ቆጮ በማር፣ ቆጮ በዳጣ። ቤቶቻቸው ከቀርከሃና ከእንሰት የተሠሩ ናቸው፣ ፊታቸው የዝሆን ፊት ይመስላል። ያደርኩበት ቤት ባለቤት አንድ አሮጌ ቤት አሳዩኝ፣ በሩ ከወገቤ ዝቅ ይላል። ሲሠራ ረጅም ነበር አሉኝ። ምስጥ ከሥሩ እየበላው በየዓመቱ ዝቅ ይላል። የሠሩት አባታቸው ናቸው። አጎንብሼ ገባሁና ጨለማው ውስጥ ተቀምጬ ትንሽ አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ድካም ይሆናል።

ከዚያ ወርጄ የእግዜር ድልድይን አየሁ። በአንድ በኩል አባያ ቡናማ ሆኖ፣ በሌላው በኩል ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ። አንቺ ግራንድ ካንየን አፋፍ ላይ ቆመሽ የላክሽልኝ ፎቶ ትዝ አለኝ። ፎቶ አንስቼ ልልክልሽ ነበር። አሁንም ስልኬ ውስጥ አለ።

ደቡብ ኦሞ የሄድኩት ሚያዝያ ላይ ነው፣ ለኩፍኝ ክትባት። ከዘጠኝ ወር ጀምሮ አምስት ዓመት ያልሞላቸውን ሁሉ ነበር የምንከትበው። የዚያን ሌሊት ነገር ለማንም በደንብ አላወራሁትም። ጠዋት ስንሻገረው አሸዋ ብቻ የነበረ ወንዝ ነው። እኛ ጋ አንዲት ጠብታ አልዘነበም። ዝናቡ የዘነበው ላይ ተራራው ላይ ነው። ሌላ መንደር ደርሰን ከሰዓት ስንመለስ ወንዙ ቡናማ ሆኖ ግንድ እየገፋ ይወርዳል። ሾፌራችን ሞተሩን አጥፍቶ "ዛሬ እዚሁ ነን" አለ።

እኔን የጨነቀኝ ክትባቱ ነው። በሁለት ቫክሲን ካሪየር፣ በክትባት ማቀዝቀዣ ሳጥን፣ ያልተከፈተ ክትባት ይዘናል። ለማግስቱ ጠዋት፣ ለማዶው መንደር። አይስ ፓኩ ጠዋት የገባ ነው። ሙቀቱ ደግሞ መኪናው ውስጥ እንኳ አያስቀምጥም። ካሪየሮቹን አውጥተን ዛፍ ሥር አደረግናቸው፣ እርጥብ ብርድ ልብስ አለበስናቸው፣ ማንም ክዳኑን እንዳይነካ አልን። ሌሊቱን ሙሉ የወንዙን ድምፅ ስሰማ አደርኩ። ድምፁ ሲቀንስ ቀና እላለሁ፣ ሲጨምር መልሼ እተኛለሁ።

ሊነጋጋ ሲል አንዱን ካሪየር ከፈትኩ። ብልቃጡ ላይ ያለችውን ምልክት ታስታውሻለሽ፣ ክቧ ውስጥ ያለችውን አራት ማዕዘን። በስልኬ መብራት አስጠግቼ አየኋት። ሙቀት ሲነካት ትጠቁራለች፣ እንደ ክቡ ከጠቆረች ክትባቱ አለቀለት። አንድ በአንድ አወጣኋቸው። ነጭ። ነጭ። ነጭ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። በረዶው ሊያልቅ ትንሽ ነበር የቀረው፣ ግን ውስጡ ገና ይቀዘቅዛል።

ጎርፉ ጉልበት ድረስ ሲወርድ የሐመር ጎረምሶች ከማዶ መጡ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም። አንድ ሽማግሌ በዱላቸው አሸዋውን እየወጉ ከፊት ቀደሙ፣ ልጆቹ ካሪየሮቹን ጭንቅላታቸው ላይ አድርገው ተከተሉ። እኔ የአንዱን ትከሻ ይዤ ተሻገርኩ። ማዶ ስንደርስ እናቶቹ ተቀምጠው ይጠብቁናል፣ ፀጉራቸው በቅቤና በቀይ አፈር ተቀብቶ ያበራል። በቅል ከቡና ገለባ የፈላ ትኩስ ነገር ሰጡኝ። እንዲህ የጣፈጠኝ ነገር የለም።

ያን ቀን የያዝነው አንድም ብልቃጥ አልተጣለም። የተከተበ ልጅ የግራ ትንሿ ጣቱ ጥፍር ላይ ቀለም እንቀባለን፣ እንዳይደገም። ከሰዓት ላይ ስንወጣ ልጆቹ ከመኪናው ኋላ እየሮጡ ያቺን ጣት ወደ ላይ ያሳዩናል። ሁሉም አንዲት ጣት ብቻ። አሁን ስጽፍልሽ እንኳ ይታየኛል።

ያላወራሁሽ ቦረና ቀርቷል። የቀረው ስለሚከብደኝ ነው። ከደቡብ ኦሞ በፊት ነው፣ ከጥር እስከ መጋቢት። መቀመጫችን ያቤሎ ሆኖ በመኪና እንዞራለን፣ ሰኞ አንድ ቀበሌ፣ ማክሰኞ ሌላ፣ በሳምንቱ ወደ መጀመሪያው። ጠዋት ስንደርስ "ነጋን ቡልታኒ?" እንላለን፣ በሰላም አደራችሁ ነው። ከ2013 ጀምሮ በተከታታይ አምስት ወቅት ዝናብ ቀርቶባቸው ስንቱ ቤት ከብቱን ጨርሷል። ያ ድርቅ አለፈ ይባላል እንጂ ላም ያለቀበት ቤት ወተቱ አልተመለሰም። ቦረና ላይ ልጅ የሚያድገው ደግሞ በወተት ነው።

አንዲት ልጅ ነበረች፣ ዓመት ከመንፈቅ ቢሆናት ነው። ሙአኩን፣ የክንድ መለኪያውን ጥብጣብ፣ ክንዷ ላይ ጠቅልዬ ሳነብ ቀዩ ላይ ወደቀ፣ ምግብ ክፉኛ አንሷታል ማለት ነው። 10.8 ሳንቲ ሜትር። እግሯን በአውራ ጣቴ ሦስት ሰከንድ ተጫንኩ፣ እብጠት የለም። ፕላምፒኔት፣ ያን በፓኬት ያለ የኦቾሎኒ ምግብ፣ ቀድጄ ከንፈሯን አስነካኋት። ፊቷን አዞረች። እናቷም እኔም ትንፋሻችንን ዋጥን። ካልበላች ሪፈር ነው፣ ሆስፒታሉ ደግሞ ሩቅ ነው። ትንሽ ቆይታ ምላሷን አወጣች፣ ቀመሰች። ከዚያ ፓኬቱን ከእጄ ነጠቀችኝ።

ከዚያ ወዲያ ሰኞን መጠበቅ ጀመርኩ። 11.0። 11.3። አንድ ሳምንት አልጨመረችም፣ ፓኬቱን ታላላቆቿ ተካፍለውት ነበር። በማን እፈርዳለሁ? ርቧቸዋል። ከዚያ 11.6 ሆነች፣ ቀዩን ወጥታ ቢጫው ውስጥ ገባች። በመጨረሻው ሰኞ 11.9። እጄን ይዛ ልትቆም ስትሞክር አየኋት። ከሕክምናው ለመውጣት 12.5 ደርሳ ሁለት ጊዜ መታየት አለባት።

ኮንትራቴ ያን ሳምንት አለቀ። ካርዷን ለተተኪዬ አስረከብኩ፣ ከመዝገቡ ውጪ በወረቀት ሁለት ገጽ ጻፍኩላት። እናቷ በአስተርጓሚ "ሰኞ ትመጫለሽ?" አለችኝ። ሌላ ሲስተር ትመጣለች፣ ጎበዝ ናት አልኳት። "እሷ ልጄን አታውቃትም" አለችኝ። ምን እላታለሁ?

ከዚያ ስወጣ ኤል ሶድ ይዘውኝ ሄዱ፣ ከጉድጓዱ ሥር ያለውን ጥቁሩን የጨው ሐይቅ ለማየት። አህዮች ጨው ተጭነው ዳገቱን ሲወጡ አየሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስለሱ ብቻ ሦስት ገጽ እጽፍልሽ ነበር። ያን ቀን ዓይኔ እንጂ ልቤ እዚያ አልነበረም።

ሚያዝያ ላይ ለተተኪዬ ደወልኩ። ዝናቡ መጥቷል፣ ቤተሰቡ ሣር ፍለጋ ወደ ሌላ ቦታ ሄዷል አለችኝ። የት? አላወቀችም። ዝናብ ዘንቦ ማን ያዝናል? እነሱ የለመኑት እሱን ነው። ደስ ብሎኛል፣ ከልቤ። ግን እኔ 11.9 ላይ ቆሜ ቀረሁ። ዝምታዬ የጠነከረው ያኔ ነው። የሆስፒታሉ ልጅ ሞተ፣ አወቅሁ፣ አለቀስኩ። የዚችኛዋን ግን አላውቅም።

ሐዋሳ ከገባሁ ሁለት ሳምንቴ ነው። የምነቃው በማለዳ ነው፣ ሰውነቴ አለመደም። ተነስቼ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል እወርዳለሁ። ጀልባዎቹ ይገባሉ፣ ልጆቹ ቆሮሶ ዓሣውን በቢላ ሲገፍፉት እጃቸው አይታይም፣ እነዚያ ራሰ በራ ትልልቅ ወፎች እግራቸው ሥር ቆመው ይጠብቃሉ። የዓሣ ሾርባ በሚጥሚጣ እጠጣለሁ። ናይት ወጥተን አንድ ሳህን ለሁለት የምንጠጣው ትዝ ይልሻል? ሴትዮዋ አሁንም አሉ። "ያቺ ረጅሟስ?" አሉኝ። አሜሪካ ናት አልኳቸው። "ትምጣ እንጂ" አሉ።

ትናንት ብቻዬን የታቦርን ተራራ ወጣሁ። ከላይ ሐይቁን እያየሁ ይህን ደብዳቤ በሐሳቤ ጀመርኩት። እዚህ ያሉ ጓደኞቼ "ጎበዝ፣ አገር አየሽ" ይሉኛል። እውነት ነው፣ አይቻለሁ። የሚቀረውን ግን ካንቺ ሌላ ማን ይረዳኛል? ታካሚሽን ስሙን፣ የሚያመውን ጎን፣ የሚፈራውን መርፌ ለምደሽ ስታበቂ ሻንጣ ታነሻለሽ። በየ13 ሳምንቱ። እንዴት ነው የምትለያቸው? ከዚያ በኋላስ ትጠይቂያለሽ፣ ወይስ አትጠይቂም? ምክር አይደለም የምፈልገው። አንቺ የምታደርጊውን ብቻ ንገሪኝ።

እስከ መስከረም እዚሁ ነኝ። ከዚያ ቦረና ኮንትራት ከወጣ እወዳደራለሁ፣ ሌላ ቦታ አልፈልግም። ለጥምቀት መምጣት ከቻልሽ ግን የትም ብሆን እመጣለሁ፣ አልጋ አለኝ፣ ላዩን አንቺ ትወስጃለሽ።

እሑድ ዱቲ ከሌለሽ ደውይልኝ። ያንቺ ጠዋት ሦስት ሰዓት የኔ ምሽት አንድ ሰዓት ነው። ስልኬ ላይ ያለው የአሪዞና ሰዓት ነው፣ ከጥቅምት ጀምሮ አልቀየርኩትም። ከተማ ቀይረሽ ከሆነ ንገሪኝ፣ ላስተካክለው።

ያንቺው፣
የታችኛዋ አልጋ