ስለ ኢንተራፕት መዘግየት፦ አማካዩን ተዉትና ትልቁን ቁጥር አሳዩን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። የቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ፍጥነት ሲለካ ሁሌ አማካይ ብቻ ነው የሚሰጠን። ለኢንተራፕት መዘግየት (አንድ መሣሪያ ፕሮሰሰሩን ከተጣራ አንስቶ ምላሽ እስኪያገኝ ለሚያልፈው ጊዜ) ግን አማካይ ብዙም አይነግርም። የድምፅ ካርድ "ስማኝ" ብሎ ሲጣራ ከርነሉ (የስርዓተ ክወናው እምብርት) አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ማይክሮሰከንድ ይደርስለታል፤ ድምፁን የሚቆራርጠው ያ አልፎ አልፎ ብቅ የሚለው ረጅም መዘግየት ነው።

ሊኑክስ ላይ ብዙ ሰው ሳይክሊክቴስት የተባለውን የመዘግየት መለኪያ አስነስቶ፣ ማሽኑ ሥራ ፈቶ በተቀመጠበት ትንሽ ለክቶ፣ "አሪፍ ነው" ብሎ ይዘጋዋል። ጭነት የሌለበት ልኬት ምኑ ልኬት ነው? ዲስኩም ኔትወርኩም ተወጥሮ ለሰዓታት ይሩጥ እንጂ! ደግሞ ይሄ መሣሪያ የሚለካው ታይመሩ መድረስ ከነበረበት ቅጽበት አንስቶ ፕሮግራሙ እስኪነቃ ያለውን ስለሆነ የስኬጁለሩም (የትኛው ፕሮግራም መቼ እንደሚሮጥ የሚወስነው የከርነሉ ክፍል) ድርሻ አብሮ አለበት። ጥፋተኛውን ለብቻው አይነግራችሁም።

እሱን የሚያጋልጠው ኤፍትሬስ የተባለው፣ ከርነሉ ውስጥ ያለ መከታተያ መሣሪያ ነው። አይአርኪውስኦፍ የተባለው መከታተያው ኢንተራፕት ረጅሙን ጊዜ ተዘግቶ የቆየበትን ቦታ ከነፈንክሽኑ ስም ይመዘግባል (መከታተያው ራሱም መዘግየት ይጨምራል፣ ቁጥሩን እንዳለ አትመኑ)። ምንም ካልተገኘስ? ያኔ ፈርምዌሩን (ማዘርቦርዱ ላይ አብሮ የተጫነውን ፕሮግራም) ጠርጥሩ። ኢንቴልና ኤኤምዲ ማሽኖች ላይ ኤስኤምአይ የሚባለው፣ ፈርምዌሩ የሚያስተናግደው ኢንተራፕት ፕሮሰሰሩን ከከርነሉ ነጥቆ ይሄዳል፣ ከርነሉ ወሬውንም አይሰማ። ኤችደብሊውላት የተባለው ሌላው የኤፍትሬስ መከታተያ የተሠራው ይህንኑ ለመያዝ ነው።

በ2024 የወጣው ሊኑክስ 6.12 ፕሪኤምፕት አርቲን (ከርነሉ አስቸኳይ ሥራን በጊዜው እንዲያደርስ የሚያደርገውን አሠራር) ካካተተ ወዲህ "ችግሩ አበቃ" የሚሉ አሉ። ኤስኤምአይን ግን እሱም አያስቆመውም።

አንባቢያችሁ