በመጋቢት ወር ወደ ጎርጎራ ስለሚደረገው የወፎች ምልከታ ጉዞ

ለተከበራችሁ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

በመጋቢት ሁለተኛ ቅዳሜ ልጆቻችሁን ከሳይንስ መምህራኖቻቸው ጋር ወደ ጎርጎራ አቅጣጫ፣ የመገጭ ወንዝ ጣና ሐይቅ ወደሚገባበት የደምቢያ ዳርቻ ለመውሰድ አስበናል። አንዳንድ ወላጆች «ወፍ እዚሁ ጎንደርስ መች ጠፋ?» ማለታችሁን ሰምተናል። እውነት ነው፤ የፋሲል ግቢ ዛፎችም ወፍ አላጡም። ሆኖም ወሩም ሆነ ቦታው የተመረጠው በምክንያት በመሆኑ፣ ፈቃዳችሁን ከመጠየቃችን በፊት ማስረዳት ይገባናል።

በበጋው ወራት በደምቢያ ማሳዎች ቃርሚያ ሲለቅሙ የሚታዩት ክሬን የሚባሉ ረጃጅም ግራጫ ወፎች እንቁላል ጥለው የሚፈለፍሉት በሰሜን አውሮፓና በሩሲያ ረግረጋማ ቦታዎች ሲሆን፣ ወደ እኛ የሚመጡት የዚያን አገር ብርድ ሸሽተው ነው። በመጋቢት መመለሻቸው ስለሚደርስ፣ ተጓዦቹንና እዚሁ የሚኖረውን፣ አናቱ ላይ ወርቅማ ዘውድ የመሰለ ላባ ያለውን ጥቁር ክሬን በአንድ ስፍራ ለማየት ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም።

የወንዙ አፍ የተመረጠው በጭቃው ምክንያት ነው። መገጭ ከደጋው ጠርጎ ያመጣውን ደለል ሐይቁ ጋ ሲደርስ ስለሚያስቀምጠው፣ ክረምቱ አልፎ የጣና ውኃ እየጎደለ ሲሄድ በትልና በነፍሳት የተሞላ ሰፊ ጭቃ ይገለጣል፤ ምንቃረ ረጃጅሞቹ ወፎች የሚሰበሰቡትም ለዚህ ነው። ወንዝ ባሕር በሚገባባቸው የአውሮፓ ጠረፎች ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ያህል እየሸሸ የሚገልጠውን ጭቃ፣ ጣና የሚገልጠው በዓመት አንድ ጊዜ ነው። መምህራኑ ይህን ልዩነት በቦታው ያስረዳሉ።

ተማሪዎቹ ብዙ የወፍ ስም እንዲደረድሩ አንፈልግም። አንዲትን ወፍ ግማሽ ሰዓት ተከታትሎ ያየውን የጻፈ ተማሪ የተሻለ ነጥብ ያገኛል። ለምሳሌ ከሚግጡ ከብቶች እግር ሥር እየሮጠች ጭራዋን ሽቅብ ቁልቁል የምትነቀንቅ ትንሽ ወፍ አለች፤ በበጋው መጀመሪያ ደብዘዝ ያለ መልክ የነበረው ወንዱ፣ ወደ ሰሜን ከመነሣቱ በፊት ላባውን ለውጦ ከጉሮሮው እስከ ሆዱ ደማቅ ቢጫ ይሆናል። በሰማይ ላይ ደግሞ ክሬን አንገቱን ቀጥ አድርጎ ሲበር፣ ሳቢሳ አንገቱን አጥፎ ይበራል፤ ይህን ለመለየት ባይኖኩላር እንኳ አያስፈልግም። ደንገል የበቀለበትንና እምቦጭ የወረረውን ዳርቻም በማስታወሻቸው ለይተው ይመዘግባሉ።

ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር (የተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራዎች) መዝገብ የሰፈረ ሐይቅ እንደመሆኑ፣ ወንጭፍ ይዞ የተገኘ ተማሪ ከአውቶቡሱ አይወርድም። በሐይቁ ዳርቻ ቢልሃርዝያ ስላለ ማንም ተማሪ ውኃ ውስጥ እግሩን አይነክርም፤ በወንዙ አፍ አካባቢ ጉማሬም ስለሚኖር ሁሉም ከመምህራኑ ሳይርቅ ይቆያል። ጉዞው የሚደረገው የመንገዱ ሁኔታ አስተማማኝ መሆኑ በዋዜማው ከተረጋገጠ ብቻ ነው።

መነሻው ከንጋቱ 11 ሰዓት፣ መመለሻው ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ስለሆነ፣ የሚጾም ልጅ ያላችሁ ወላጆች የምሳውን ነገር አስቀድማችሁ ብታሳውቁን መልካም ነው፤ ለሌሎቹ ቆሎ ወይም ዳቦና የሚጠጣ ውኃ ይበቃል። ባርኔጣ፣ ደብተርና እርሳስ አይርሱ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር የተያያዘውን የፈቃድ ቅጽ ፈርማችሁ እስከ ረቡዕ ድረስ ለክፍል ኃላፊው መምህር እንድትልኩልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር
ጎንደር