ከአውቶቡስ አብረውኝ ለወረዱት እናት

ፍተሻ ላይ ከአውቶቡስ አውርደው ስላሰሩኝ ዘጠኝ ቀን ብዙ አላወራም፤ አገር የሰማው ነው። ደብረ ብርሃን ገብቻለሁ፤ ጤናዬም ደህና ነው። ዛሬ የምስጋና ዕዳዬን ልክፈል።

መጀመሪያ እሳቸው። ስማቸውን እንዳልጠራ አስምለውኛል። ከዚያ በፊት አንተዋወቅም፤ ወንበር አገናኝቶን ነው። አራስ ልጃቸውን ሊጠይቁ አዲስ አበባ እየሄዱ ነበር፣ አገልግሉን ጭናቸው ላይ አድርገው። ፈታሹ መታወቂያዬ ላይ መንዝ የሚለውን አይቶ፣ ቀጥሎ ጎፈሬዬን፣ ቀጥሎ የለበስኩትን ባርኖስ አየና “ውረድ” አለኝ። ያን ሁሉ ተሳፋሪ ትቶ እኔን ብቻ። ሻንጣዬን እንኳ አልከፈተም። እሳቸው አገልግላቸውን አንጠልጥለው ተነሡ። “እናቱ ነዎት?” አላቸው። “አዎ” አሉ።

ይህቺ “አዎ” ላይ ስደርስ መጻፍ ያቅተኛል፤ ይቅርታ።

አውቶቡሱ ጥሏቸው ሄደ። ሦስት ቀን የታሰርኩበት በር ላይ ዋሉ፤ ማታ ማታ አንዲት ጠላ ሻጭ ቤት እያደሩ። ለአራስ የተሠራው ዶሮ እዚያ ለታሰርነው ሰባት ሰዎች ሆነ። እንቁላሉን በክር ከፋፍለው ነው የላኩልን። ለዘበኛውም አንድ ክፋይ ሰጥተውታል፤ ተቀብሎ በላ። ጎፈሬዬን የላጩኝ ቀን ብርዱ አናቴን ሲያንዘፈዝፈኝ ሻሻቸውን ፈትተው ላኩልኝ። እስካሁን አላጠብኩትም፤ ቅቤ ቅቤ ይሸታል።

ፍተሻን አልጠላም። ያለፉትን ዓመታት ሰሜን ሸዋ የኖረ ሰው ጸጥታ ምን እንደሆነ አይነገረውም። እኔን ያንገበገበኝ “ምን ይዘሃል?” ሳልባል “የት ተወለድክ?” መባሌ ነው።

ጠበቃዬ አንድ ብር አልተቀበለችኝም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ እኔ የቀረብኩት በስምንተኛው ቀን ነው። “ሰው ሐሳቡን የሚገልጸው በአፉ ብቻ አይደለም፤ ጸጉሩም ልብሱም የራሱ ነው” ብላ አንቀጽ 29ን ስታነሳ ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ፤ ተላጭቼ ነው የቆምኩት እንግዲህ። በማግስቱ ተለቀቅኩ። እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ።

ወይ ጉድ፣ ረዳቱን ረስቼው! አውቶቡሱ ሳይርቅ ለእናቴ ደውሎ የነገራት እሱ ነው። የመመለሻዬንም አላስከፈለኝም።

የሰፈራችን ዕድርተኞች፣ የመሐል ሜዳ ዘመዶቼ፣ አብረውኝ የሚያስተምሩ መምህራን፣ ፎቶዬን ያጋራችሁ ሁሉ፣ አላህም እግዚአብሔርም ይስጥልኝ። ስማችሁን ያልጠራሁ አትቀየሙኝ፤ ራሴ ገና አልተሰበሰበም።

ባርኖሱ አልተመለሰልኝም። አያቴ ከመንዝ በግ ጸጉር በእጇ ፈትላ ለባሏ ያሠራችው ነበር። ጎፈሬው ይበቅላል።

እማማ፣ አገልግልዎ እኔ ጋ ነው። የልጅ ልጅዎ ሴት ናትና ክርስትናዋ በ80 ቀኗ ነው፤ እየቆጠርኩ ነው። እናቴ “ባዶውን አይመለስም” ብላ ከአሁኑ ዶሮ እየመረጠች ነው። 130 ኪሎ ሜትር ናት፤ ካሳለፉኝ ራሴ ይዤው እመጣለሁ፣ ካላሳለፉኝ ረዳቱ ያደርስልዎታል።