ለልጄ፣ ከቦስተን ማራቶን በፊት

ልጄ፣

ፋሲካ ዕለት ደውለሽ እንኳን አደረሳችሁ ስትዪን ድምፅሽ ሙሉ ነበር። ሁሉ ሰላም ነው ብዬ ስልኩን ለእናትሽ ሰጠኋት። ማታ ደግሞ ወንድምሽ ደወለ። «እግሯ እኮ ተሽሏታል፣ አታስቡ» አለ። የምን እግር? ዝም አለ። ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ አወጣሁት፤ የቅልጥምሽ አጥንት ተሰንጥቆ እንደነበር፣ ሳምንታት ሙሉ በሐኪም ጫማ እንደሄድሽ፣ ሐኪሙ ሩጫ የፈቀደልሽ የካቲት መጨረሻ ላይ እንደሆነ። እሱን እንዳትቆጪው። እኔ ነኝ አስጨንቄ ያስወራሁት።

የገናውን ፎቶ እንደገና ከፍቼ አየሁት። ጠረጴዛው ሥር ያ ወፍራም ግራጫ ጫማ ይታያል፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ በማሰሪያ የተጠፈረ። ያኔ የበረዶ ጫማ መስሎኝ «ብርዱ እንዴት ቢከፋ ነው» እያልኩ ለእናትሽ አሳይቻት ነበር። ግራ እግርሽ ላይ ብቻ እንደሆነ ሁለታችንም ልብ አላልንም። ቀኙ ላይ ካልሲ ብቻ ነው ያለው።

ለምን እንደደበቅሽን ይገባኛል። አትሩጪ እንዳንልሽ ነው። አልልሽም። ቦስተን ለመግባት የሚጠይቁትን ሰዓት ለማምጣት ከሥራ ስትወጪ በጨለማ በብርድ ስትሮጪ የኖርሽ ልጅ ነሽ፣ እኔ ምን አንደበት ኖሮኝ ነው ተዪው የምልሽ። ግን አንድ ነገር ትሰሚኛለሽ። ቁልቁለቱ እንዳያታልልሽ።

ያንን መንገድ አጥንቼዋለሁ። ስንት ዓመት ስፖርት ያስተማርኩ ሰው ነኝ፣ ካርታ ማንበብ አላቃተኝም። ሆፕኪንተን ላይ ገና እንደተነሳችሁ መንገዱ ይወርዳል። ከመነሻ እስከ መድረሻ በድምሩ ወደ 140 ሜትር ነው የሚወርደው፣ ብዙው ደግሞ ገና በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች። ሕዝቡ ይጮሃል፣ እግር ራሱ ይሮጣል። አንቺ ደግሞ ሰሞኑን በመዋኛና በብስክሌት ስለከረምሽ ሳንባሽ ዝግጁ ነው፣ ትንፋሽ አያጥርሽም። ችግሩ እሱ ነው። ሳንባ ቶሎ ይመለሳል፣ አጥንትና ጅማት ግን በራሱ ጊዜ ነው የሚመለሰው። ቁልቁለት ላይ ደግሞ እያንዳንዱ እርምጃ ፍሬን ነው፣ ጭንሽና ቅልጥምሽ ናቸው የሚሸከሙት። ሕመሙ ያኔ አይሰማሽም። የሚሰማሽ ከ26ኛው ኪሎ ሜትር በኋላ ኒውተን ላይ አራቱ ዳገቶች ሲመጡ ነው። የመጨረሻው፣ ያ ኸርትብሬክ ሂል የሚሉት፣ 33ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ሌላ ቦታ ቢሆን ትንሽ ዳገት ነው፣ እንጦጦን ለወጣ ሰው ምንም አይደለም። ጭኑ ያለቀበት ሰው ላይ ሲመጣ ግን ሌላ ነው።

ወንድምሽ የአበበ ቢቂላን የቶኪዮ ታሪክ እየነገረ እንደሚያበረታታሽ ሰማሁ። ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ 40 ቀን ሳይሞላው ሮጦ አሸነፈ፣ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ። እውነት ነው። ግን ይህን ታሪክ የሚያወራ ሰው ሁሉ ቦስተንን ይዘላል። አበበ እ.ኤ.አ. በ1963 ቦስተን ሮጧል፣ ያው አንቺ የምትሮጪበት መንገድ ላይ። እሱና ማሞ ወልዴ ከመጀመሪያው ጀምሮ በኃይለኛ ፍጥነት ሁሉንም ጥለው ሄዱ። ከዚያ የኒውተን ዳገቶች መጡ፣ ቀዝቃዛ ነፋስም ተጨመረ። አበበ አምስተኛ ወጣ፣ ማሞ አሥራ ሁለተኛ። አበበ እስከ መጨረሻው ሮጦ ሳያሸንፍ የቀረበት ዓለም አቀፍ ማራቶን ያ ብቻ ነው። የሮምና የቶኪዮ አሸናፊ እዚያ መንገድ ላይ ከተፈተነ እኔና አንቺ ማን ነን? ቁልቁለቱ እንዳያታልልሽ የምልሽ ከባዶ ተነስቼ አይደለም።

በአንጻሩ አጸደ ባይሳን ተመልከቺ። እ.ኤ.አ. በ2016 ዳገቶቹ ላይ ከመሪዎቹ ከግማሽ ደቂቃ በላይ ወደኋላ ቀርታ ነበር። በራሷ ፍጥነት መጣች፣ መጨረሻ ላይ ለቀመቻቸውና አሸነፈች። ፋጡማ ሮባማ ሦስት ዓመት ተከታትላ ወስዳዋለች፣ እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 1999። የአርሲ ልጅ ናት፣ ዳገት ታውቃለች።

አያትሽ ክብር ዘበኛ እንደነበሩ ታውቂያለሽ። አበበንና ማሞን ሰፈር ውስጥ ሲያልፉ ያዩ ሰው ናቸው፣ ስለ እነሱ ሲያወሩ ከወንበራቸው ቀና ይሉ ነበር። ጥቅምት 1961፣ የሜክሲኮው ማራቶን ሌሊት ተሮጦ ወሬው የደረሰን ጠዋት ነው። እኔ ገና ልጅ ነበርኩ። ሱቁ በር ላይ ትልልቅ ሰዎች ተሰብስበው አንዱ ማሞ ወርቅ አመጣ ይላል፣ ሌላው የለም አበበ ነው ይላል፣ አንዱ ደግሞ አበበ አቋርጧል ብሎ ሊመታ ነበር። ማን ያምናል? አበበ ያቋርጣል እንዴ? አባባ ወጡና ሰሙ። ሁሉም ስለ ወርቁ ሲጮህ እሳቸው የጠየቁት «እግሩስ?» ብለው ነው። እግሩን ታሞ እንደሄደ ሰምተው ነበርና። 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ እንደወጣ በኋላ አወቅን። ሰውየው ጨረሰም አልጨረሰም ለእሳቸው ያው አበበ ነበር፣ ሲሞቱም ፎቶው ግድግዳቸው ላይ ነበር። አባባ አንቺን ስትሮጪ ሳያዩ ማለፋቸው እስካሁን ይቆጨኛል። ምን ያህል ይኮሩብሽ ነበር መሰለሽ!

ስለዚህ እኔም የምጠይቅሽ ስለ ሰዓትሽ አይደለም። እግርሽስ?

አሁን ደግሞ ልቆጣሽ ነው። አጥንትሽ እየጠገነ ሳለ ሁዳዴን ሙሉ ጾመሻል። እናትሽ ይህን ስትሰማ አለቀሰች። ለታመመ ሰው የንስሐ አባት ፈቃድ ይሰጣል፣ መጠየቅ ነበረብሽ። የሚሮጥ ሰው ሳይበላ አጥንቱ ምን ይዞ ይጠገናል? ካሁን ጀምረሽ እንቁላልሽን፣ ወተትሽን፣ ሥጋሽን ብዪ። እሑድ ግን ዳግማይ ትንሣኤ ነው ብለሽ ዶሮ ወጥ እንዳትነኪ፣ በበነጋታው ነው ሩጫው። ፓስታ ወይ ሩዝ ብዪ። ጠዋት በሶ በጥብጠሽ ጠጪ፣ ለሆድሽ የለመደው ነው። አዲስ ጫማ እንዳታደርጊ። ጥፍርሽን ከሁለት ቀን በፊት ቁረጪ።

አውቶቡሱ በጠዋት ወስዶ ሆፕኪንተን ሜዳ ላይ ያስቀምጣችኋል፣ ብርድ አለ። የሚጣል አሮጌ ሹራብ ልበሺ። እናትሽ የላከችውን ጋቢ እዚያ ጥለሽ ብትመጪ እኔ የለሁበትም።

ወንድምሽ መድረሻው ላይ እንዳይቆም ንገሪው። ኒውተን፣ ውድላንድ ባቡር ጣቢያ ጋ ይቁም፣ የመጀመሪያውን ዳገት እንዳለፍሽ ማለት ነው፣ መንገዱ በሩ ላይ ነው የሚያልፈው። ጃኬትና የባቡር ቲኬት ይያዝ። እዚያ ስትደርሺ ጡንቻሽ ቢዝል ቀጥዪ፣ ድካም ነው። ያ የተሰነጠቀው ቦታ ግን ነጥብ አድርጎ ከወጋሽ አቋርጠሽ ውጪ። ልለማመጥሽ አይደለም፣ ውጪ ነው የምልሽ። የሚመጣው ዓመት አለ።

እስከዚያ ድረስ ግን ሰው ሁሉ ቢያልፍሽ፣ አሮጊት ቢያልፍሽ፣ የሎሚ ልብስ የለበሰ ሰው ቢያልፍሽ፣ ቁልቁለቱ እንዳያታልልሽ። ዌልስሊ ላይ የኮሌጅ ልጃገረዶቹ ሲጮሁልሽ ሳቂላቸው፣ እጅሽን ስጫቸው፣ ፍጥነትሽን ግን እንዳትሰጫቸው።

እኛ ዘንድ ማታ 3 ሰዓት አካባቢ ይሆናል ስትጨርሺ። እናትሽ አትተኛም፣ ጎረቤቶቹንም ጠርታለች። ወንድምሽ ስልኩን ቻርጅ አድርጎ ይውጣ። ጨረስሽም አቋረጥሽም መጀመሪያ ለእሷ ደውዪ፣ እኔ አጠገቧ ነኝ።

አባትሽ