«አይተላለፍ» የሚል ሁሉ ስሙን ጽፎ ይላክ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ መገናኛ ብዙኃን ሕግ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የአዲስ አበባ ጋዜጠኞችንና ትልልቆቹን ተቋማት የሚመለከት ሆኖ ስለማገኘው፣ ከደሴ ሆኜ የማየውን ልጽፍላችሁ ተነሣሁ። ጉዳዬ አንድ ነው። ሕዝብ በሬዲዮ የመናገር መብቱን የሚያጣው ጣቢያ ሲታገድ ወይም ጋዜጠኛ ሲታሰር ብቻ አይደለም። ከዚያ ይልቅ ደጋግሞ የሚያጣው ማንም ባልፈረመበት የስልክ ጥሪ ነው።

የገጠመኝን ላስረዳ። በእኛ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ፈረቃው መቼ እንደሆነ ግን አስቀድሞ የሚነግረን የለም። ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት ማታ ማታ የግቢያቸውን ቧንቧ ከፍተው፣ ከሥሩ ባዶ ጣሳ ደፍተው ይተኛሉ። ውሃው ሌሊት ስምንት ሰዓትም ይምጣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ጣሳውን ሲመታው በድምፁ ነቅተው ጀሪካናቸውን ይደረድራሉ። ባለፈው ጊዜ ከአንድ የሬዲዮ ጣቢያ የመጡ ልጆች የነዋሪውን አስተያየት ሲቀዱ፣ እኒህ እናት ሦስት ደቂቃ ያህል ተናገሩ። ማንንም አልሰደቡም፤ ማንንም በስም አልጠሩም። «ፈረቃውን በሬዲዮ ብትነግሩን ምን ይጎድልባችኋል? ሌሊቱን እንድንተኛ ነው» አሉ፤ ስለ ጣሳውም አወሩ። ፕሮግራሙ በሚተላለፍበት ቀን ቡና ተፈልቶ፣ ሬዲዮው መስኮት ላይ ተቀምጦ ሁላችንም ተሰብስበን ጠበቅን። የሌሎች ሰዎች ድምፅ ተሰማ፤ የእሳቸው ግን ሳይሰማ ፕሮግራሙ አለቀ። ፊታቸውን ያየ ሰው ለምን ይህን እንደምጽፍ አይጠይቀኝም።

አዘጋጁን አግኝቼ ጠየቅሁት። ቀድሞ ያስተማርሁት ልጅ ስለሆነ አልዋሸኝም። ፕሮግራሙ ሊተላለፍ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው ተደውሎ፣ የውሃው ነገር «የሕዝብ ስሜት ያነሣሣል፣ ለጊዜው ይቆይ» ተባለ። የትኛው አንቀጽ ተጥሶ እንደሆነ ደዋዩ አልተናገረም፤ ልጁም አልጠየቀም። በልጁ አልፈርድበትም፤ ደመወዙም የጣቢያው ፈቃድም ያለው በእንዲህ ዓይነት ሰዎች በጎ ፈቃድ ላይ ነው ብሎ ስለሚያምን ነው።

ይህ የሆነው ሕግ ጠፍቶ አይደለም። የሳንሱር አሠራር በ1985 በወጣው የፕሬስ አዋጅ ቀርቷል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራ በማንኛውም መልኩ የተከለከለ መሆኑን ደንግጓል። «በማንኛውም መልኩ» የሚለው ቃል ስልክንም ይጨምራል። ከመተላለፉ በፊት በባለሥልጣን ቃል የሚቀር ዝግጅት፣ ስሙ «ምክር» ይባል «ማሳሰቢያ»፣ ቅድመ ምርመራ ነው። እንዲያውም የቀድሞው ሳንሱር ቢሮ ነበረው፤ የአሁኑን ክልከላ ግን ወዴት ሄደን እንደምንከራከረው እንኳ አናውቅም።

ቁጥጥር አያስፈልግም የሚል ሰው አድርጋችሁ እንዳታነቡኝ እለምናለሁ። የኤፍ ኤም ሞገድ ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ የሚከፋፈል የሕዝብ ሀብት ነው፤ አከፋፋይ ከሌለው አንዱ ጣቢያ የሌላውን ድምፅ ይውጠዋል። ሞገዱ ደግሞ ተራራ አይዞርም። ከጦሳ ተራራ ሥር ከተቀመጠችው ደሴ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ዝቅ ስለሚባል፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢኖርም ለአንዱ የተተከለ ማሰራጫ ለሌላው ላይደርስ ይችላል። ማሰራጫ የት ይተከል፣ በምን ያህል ጉልበት ይሠራ የሚለውን የሚወስን አካል የግድ ነው። በንግግሩ በኩልም ገደብ መኖሩን አልቃወምም። በ1994 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሩዋንዳ አንድ የሬዲዮ ጣቢያ ጎረቤትን በጎረቤት ላይ እንዴት እንዳስነሣ የሰማ ሰው፣ በተለይ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በጋብቻ ተሳስሮ፣ በሰርጉም በለቅሶውም አብሮ በሚቀመጥበት በወሎ ተወልዶ ያደገ ሰው፣ የጥላቻ ንግግርን በቸልታ ሊያይ አይችልም። ለዚህም አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። አዋጁ የሚከለክለው በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታና በመሳሰሉት ሰዎች ላይ ጥላቻ መቀስቀስንና ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨትን ነው። ስለ ውሃ ፈረቃ መጠየቅ በዚህ ውስጥ የሚገባበት አንዳች መንገድ የለም።

አገራችን የማኅበረሰብ ሬዲዮን ከሕዝብና ከንግድ ጣቢያዎች ለይታ በሕግ ካወቀች ቆይታለች፤ የ1999ኙ አዋጅ ቁጥር 533 ይህን አድርጓል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ የከምባታና የኮሬ ማኅበረሰብ ሬዲዮዎች በዚሁ መንገድ የመጡ ናቸው። ኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት፣ የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣንን፣ ለተወካዮች ምክር ቤት ተጠሪ አድርጎ፣ ከመገናኛ ብዙኃንና ከሲቪል ማኅበረሰብ የተውጣጡ አባላት ያሉበት ቦርድ ሲያቋቁም ብዙዎቻችን ተስፋ አድርገን ነበር። በሚያዝያ 2017 የጸደቀው ማሻሻያ ግን ፈቃድ የማገድና የመሰረዝ ሥልጣንን ከቦርዱ ወደ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቱ አዛውሯል፤ ዋና ዳይሬክተሩን የመሾሙንም ጉዳይ ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ሰጥቷል። ትልቅ ድርጅት ጠበቃ ይቀጥራል፣ ይከራከራል። በበጎ ፈቃደኞች ጉልበትና ከዚህም ከዚያም በተገኘ መዋጮ የሚተዳደር አንድ ክፍል ስቱዲዮ ግን «ፈቃድህ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ሌላ ነገር ሳይጨመርበት ዝም ይላል። ፍርሃቱ ከላይ በሕግ ሲጠነክር፣ ከታች የሚደውለው ሰው ድምፁን ከፍ ማድረግ እንኳ አያስፈልገውም።

ሰው በሬዲዮ እንደ ልቡ ከተናገረ ወሬና አሉባልታ ይበዛል የሚሉ አሉ። እኛ ወሬ ሲበዛ አይተናል። በ2014 መግቢያ ላይ ከራያ ቆቦና ከወልድያ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን በደሴ ትምህርት ቤቶች ተጠልለው በነበሩበት ጊዜ፣ ኋላም በጥቅምት ማገባደጃ ጦርነቱ እኛው ቤት ድረስ ሲገባ፣ ስለ ከተማችን የምንሰማው ከሩቅ ጣቢያዎች ነበር። እነሱም ስለ ግንባሩ እንጂ የትኛው ወፍጮ እንደሚሠራ፣ የትኛው ጤና ጣቢያ ክፍት እንደሆነ፣ ልጁ የጠፋበት ሰው የት ሄዶ እንደሚጠይቅ አይነግሩንም። አንዱ «ሐረጎ ተዘግቷል» ብሎ ሲያልፍ ሌላው «ክፍት ነው፣ ውጡ» ይላል፤ ልጆቿን ይዛ ወደ ኮምቦልቻ ጉዞ የጀመረች የሰፈራችን እናት በእንዲህ ያለ ወሬ ከመንገድ ተመልሳ፣ እንደገና ወጥታ፣ እንደገና ተመልሳለች። ከሐምሌ 2015 በኋላ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥም ያው ተደገመ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ያስቸገረን ሰው በሬዲዮ ብዙ መናገሩ አልነበረም። የሚታመን፣ ቅርብ የሆነ፣ ስህተት ሲናገር በማግስቱ ሄደን «ይታረም» የምንለው ጣቢያ ማጣታችን ነበር። እንዲህ ያለው እምነት ደግሞ በችግር ቀን በድንገት አይገኝም። ሰው ጣቢያውን የሚያምነው በሰላሙ ጊዜ ስለ ውሃው፣ ስለ መንገዱና ስለ ዳቦው ያለውን ሲናገርበት ቆይቶ ከሆነ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው እንዲህ ነው። ማንኛውም ባለሥልጣን ወይም ሠራተኛ አንድ ዝግጅት እንዳይተላለፍ ወይም እንዲቆረጥ የሚፈልግ ከሆነ፣ የተጣሰውን ሕግና አንቀጽ ጠቅሶ፣ ስሙንና ኃላፊነቱን ጽፎ፣ ፈርሞ ይላክ። ጣቢያውም ደብዳቤውን መዝግቦ ያስቀምጥ፤ አድማጭ ሲጠይቅ ያሳይ። የመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣንም በስልክ የመጣ ክልከላን ያልተቀበለ ጣቢያ በዚህ ምክንያት ብቻ ፈቃዱ እንደማይነካበት በመመሪያ ያረጋግጥ። ይህ አዲስ መብት መስጠት አይደለም፤ አንቀጽ 29 ላይ ያለውን ወደ ስቱዲዮው ማውረድ ነው። የማኅበረሰብ ጣቢያ የቦርድ አባላትም በነዋሪው ይመረጡ፤ የቀበሌና የከተማ ኃላፊዎች በወንበራቸው ምክንያት ብቻ የሚገቡበት አሠራር ይቅር። ኃላፊው እንደ ማንኛውም ነዋሪ ማይክሮፎኑ ፊት ቀርቦ መልስ ይስጥ፤ ለጎረቤታችን ጥያቄ እኮ መልሱ የአንድ ሳምንት የፈረቃ ሰሌዳ ማንበብ ነበር።

አዘጋጁ ቅጂውን እንዳላጠፋው ነግሮኛል። ከልካዩ ምክንያቱን በጽሑፍ ካላቀረበ ሦስቱ ደቂቃ እንዲተላለፍ የሚጠይቅ ደብዳቤ ጽፌ፣ ፈርሜበት፣ እኒህ እናትም በጣት አሻራቸው አረጋግጠውት ለጣቢያው አስገብቻለሁ። ገቢ የሆነበትን ቁጥር ይዣለሁ። መልስ ሲመጣ፣ የመጣውን መልስ እንዳለ ለጋዜጣችሁ እልካለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ መምህር፣ ከደሴ